ረመዷን ሲቃረብ የሚታሸጉ ሱቆች፦ ንግድ ሚኒስቴር የሚቆጣጠረው ማንን ነው?

ረመዷን ሊገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው በየዓመቱ የምንሰማቸው ሁለት ዜናዎች አሉ። የመጀመሪያው «ለጾሙና ለበዓሉ በቂ ምርት ቀርቧል» ይላል። ሁለተኛው ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይመጣል፤ «ያለአግባብ ዋጋ በጨመሩ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ ተወሰደ» የሚል ነው። በቂ ምርት ከቀረበ ዋጋው ለምን ጨመረ? ዋጋው ከጨመረስ ቀረበ የተባለው ምርት የት ገባ? ሁለቱንም መግለጫ የሚሰጠው በአብዛኛው አንድ መሥሪያ ቤት ወይም የእሱ የክልልና የከተማ ቢሮዎች ናቸው። በሁለቱ መግለጫዎች መካከል ያለውን ክፍተት ግን ማንም ሲያብራራልን አልሰማሁም።

ጉዳዩ የማእድ ቤት ጉዳይ ነው። ተምር፣ ዘይት፣ የሳምቡሳ ዱቄት፣ ምስር፣ ለሾርባ የሚሆን አጃ፣ ስኳር። በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም ቤት እነዚህኑ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ረመዷንና የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም በቀናት ልዩነት ተከታትለው ገብተዋል። በሁዳዴ ሥጋና ቅቤ የተወ ቤት ዘይት፣ ሽሮና ምስር ይገዛል። እኛም ለሳምቡሳው የምንፈልገው ያንኑ ምስርና ያንኑ ዘይት ነው። ሁለት ጾም አንድ ጀሪካን ዘይት ላይ ሲገናኝ ዋጋው ቢንቀሳቀስ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው በየዓመቱ ቀኑ እየታወቀ የሚመጣን ነገር እንደ ድንገተኛ ወንጀል ማስተናገዳችን ነው።

በምኖርበት ሰፈር ሰው ሁሉ «ሐጂ» እያለ የሚጠራቸው ባለሱቅ አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ረመዷን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሱቃቸው ታሸገ። ሠራተኞች መጥተው የአምስት ሊትር ዘይት ዋጋ ጠየቁ፤ ነገሯቸው። «የገዙበት ደረሰኝ?» ሲባሉ አልነበራቸውም። የጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ልስጥህ ካለም የሚጽፈው ዋጋ ከተቀበለው ያነሰ ነው። «እውነተኛውን ጻፍልኝ» ያለው ሰው መልሱ «ዘይት የለም» ነው። ሐጂ ስለዚህ የገዙበትን ዋጋ ማስረዳት አልቻሉም። ሱቁ ለአሥራ አንድ ቀን ታሽጎ ሲከፈት ውስጥ የነበረው ዳቦ ሻግቶ፣ እንቁላሉ ተበላሽቶ ነበር። አንድ ቀን ከተራዊሕ በኋላ መስጂዱ በር ላይ ቆመን፣ «እኔ አራተኛው ሰው ነኝ፤ ከእኔ በፊት ያሉትን ሦስቱን ማን ጠየቃቸው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከብዙ ትንተና ይበልጣል። ዘይቱን ያስገባ አስመጪ አለ፤ ከእሱ የተቀበለ ጅምላ ሻጭ አለ፤ ከጅምላ ሻጩ የወሰደ አከፋፋይ አለ፤ መጨረሻ ላይ ባለሱቁ ነው። ከአራቱ ዋጋ ላይ ትንሹ ሥልጣን ያለው አራተኛው ነው። ግን በራፉ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ እሽግ ለመለጠፍም ስለሚቀል፣ ቁጥጥሩ ሁልጊዜ የሚጀምረውም የሚያበቃውም እሱ ጋ ነው።

የሙስሊሙና የገበያው ቁርኝት

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ጠቅላላ የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው፤ ሙስሊሙን ለይቶ የሚመለከተው ምኑ ነው?» ሊል ይችላል። ታሪኩን ማስታወስ ያስፈልጋል። አያቶቻችን በብዙ የአገሪቱ ክፍል ርስት የማግኘት ዕድል አልነበራቸውም። መሬት ያጣ ሰው የቀረለት ገበያ፣ ሽመናና የሲራራ ንግድ ነው። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ካነሳቸው ጥያቄዎች መካከል የመሬት ባለቤትነት የነበረው ያለምክንያት አይደለም። ንግድ ለብዙዎቹ አባቶቻችን በምርጫ የተያዘ ሙያ አልነበረም፤ በሌላ በኩል በሩ ስለተዘጋ የተገባበት ነው። ስለዚህ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሙስሊሙ ቀድሞና ደጋግሞ የሚያገኘው ንግድን የሚያስተዳድረውን ነው። በዚህ መሥሪያ ቤት የሚወሰን ነገር የሚያርፈው በብዙ የሙስሊም ቤተሰብ እለታዊ ገቢ ላይ ነው፤ በነጋዴነትም፣ በሸማችነትም።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከአገሪቱ አንጋፋ ተቋማት አንዱ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ የተሰጠው ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ የነጋዴ አለቃና የገበያ ቀረጥ ሹም ማለት ነበርና ሹመቱ ከሥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ አንድ ጊዜ ከኢንዱስትሪ ጋር ተዋህዶ፣ ሌላ ጊዜ ተለይቶ። ዛሬ የምናውቀው የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተቋቋመው በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ነው። የአገር ውስጥ ንግድን፣ የወጪ ንግድን፣ የነዳጅ ዋጋን፣ የሚዛንና የመለኪያ ቁጥጥርን፣ ከዓለም ንግድ ድርጅትና ከአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጠና ጋር የሚደረገውን ድርድር ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ሱቅ የሚያሽገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚኒስቴሩ በቀጥታ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚቆጣጠረውም የክልሉ ወይም የከተማው ንግድ ቢሮ፣ ከዚያም ወርዶ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ባለሱቁ የሚያውቀው ወረዳውን ነው፤ ሚኒስትሩን የሚያያቸው በቴሌቪዥን ነው።

ብር ሲዳከም ሱቅ ይታሸጋል

ወደኋላ ሄዶ ዘመቻዎቹ መቼ መቼ እንደተጠናከሩ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል።

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ብር ከዶላር አንጻር በ17 በመቶ ገደማ እንዲዳከም ተደረገ። ከወራት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የያኔው ንግድ ሚኒስቴር ከአሥር በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ያን ጊዜ የነበረ ሰው የሆነውን ያስታውሳል። ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፤ የተገኘበት ቦታ ሁሉ ሰልፍ ሆነ፤ ሥጋ ቤቶችም ተቸገሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሳ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲዳከምም ማስጠንቀቂያውና ቁጥጥሩ ተከተለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዚያው ሳምንት መግለጫው «ዋጋ የሚያስጨምር ምንም ምክንያት የለም» የሚል ነበር፤ ሱቆችም መታሸግ ጀመሩ።

ነጋዴው ያለው ክርክር «አሁን መጋዘን ያለው ዕቃ በድሮ ምንዛሪ የገባ ነው» በሚል ይመለስለታል። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ነጋዴው ዛሬ የሸጠውን ነገ የሚተካው በአዲሱ ዋጋ ነው። የመተኪያ ዋጋውን ካላገኘ በሁለት ዙር ካፒታሉ ያልቃል። ይህን ሒሳብ ማንኛውም የመርካቶ ልጅ ያለ እስክሪብቶ ይሠራዋል። የሚያሳዝነው ሒሳቡን የሚያውቁት ሰዎች በመግለጫ ላይ እንደማያውቁት መናገራቸው ነው።

በ2014 ዓ.ም. ያለፍነውን ረመዷንም አስታውሱ። ወሩ የገባው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ አንድ ወር ከምናምን በኋላ ነው። የሱፍ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ37 በመቶ በላይ ነበር። ያንን ረመዷን ሳምቡሳ መጥበስ የተወ ቤት ብዙ ነው። መንግሥት በዚያ ሰሞን የወሰደው አንዱ ጠቃሚ እርምጃ በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ሳይጠየቅ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ስንዴና የሕፃናት ወተት እንዲገባ መፍቀዱ ነው። ይህ አቅርቦትን የሚነካ እርምጃ ነበር። ሱቅ ማሸግ ግን አንድ ሊትር ዘይት ወደ አገር አያስገባም።

እውነት ነው፣ ግሽበቱ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ 14 በመቶ አካባቢ ደርሷል። ይሁን እንጂ ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ዘገየ ማለት ነው። አስተማሪ ሳለሁ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ብዙ እደክም ነበር። ደመወዜን ሳወዳድር ግን ለራሴ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሚኒስቴሩ ራሱ ዋጋ የሚወስንበትን ሸቀጥም እንይ፤ ነዳጅን። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው በሚኒስቴሩ ተተምኖ ይወጣል። ማደያ ላይ ያለው ዋጋ አንድ ነው፤ ግን ሰልፉ ሲረዝም ከማደያው ወረድ ብሎ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ሌላ ዋጋ አለው። ባጃጅ የሚነዳው ወንድማችን ሁለቱንም ዋጋ ያውቃል፤ ተሳፋሪውም የሚከፍለው በሁለተኛው ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

እዚህ ላይ ፊቅሁን ማንሳት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም በየመስጂዱ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰጠው አስተያየት ወደ አንዱ ጽንፍ ሲያዘነብል አያለሁ። አንዱ «ዋጋ መተመን ሐራም ነው፤ ነጋዴውን ተዉት» ይላል። ሌላው «ኢሕቲካር ሐራም ነው፤ መንግሥት ይቅጣቸው» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው፤ ሁለቱም የማስረጃውን ግማሽ ነው የያዙት።

በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና ዋጋ ናረ። ሰዎች መጥተው ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠየቋቸው። እምቢ አሉ። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ አቡ ዳዉድ፣ ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ የዘገቡት ይህ ሐዲስ ምክንያቱንም ይጠቅሳል፦ ሪዝቅን የሚያጠብም የሚያሰፋም አላህ ነው፤ እርሳቸውም ማንም በደም ወይም በገንዘብ በደል የሚጠይቃቸው ሳይኖር ጌታቸውን መገናኘት ይሻሉ። ልብ እንበል፤ የጠየቁት ድሆችና ሸማቾች ናቸው። ጥያቄያቸው ተገቢ ይመስላል። ነቢዩ ግን የሸማቹን ችግር ለመፍታት ነጋዴውን መበደልም በደል መሆኑን አመለከቱ።

እኚሁ ነቢይ ግን ገበያውን ዝም ብለው አልተዉትም። ምግብ አከማችቶ ዋጋ የሚጠብቅን ሰው ኃጢአተኛ ብለውታል፤ ይህ ሙስሊም የዘገቡት ነው። የገጠሩ ነጋዴ ገበያ ሳይደርስና ዋጋውን ሳያውቅ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን፣ ዑለማዎች ተለቂ የሚሉትን፣ ከልክለዋል። ሳይገዙ ዋጋ ማናርን ከልክለዋል። ገበያ ውስጥ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን ገሥጸውታል። የእሳቸው ቁጥጥር ያረፈው በሚዛኑ፣ በዕቃው ጥራት፣ በመረጃው ላይ ነው፤ ገበያው እንዳይታፈን አደረጉ፤ ዋጋውን ለገበያው ተዉት።

ኋላ የመጡት ዑለማዎች ሁለቱን አስታርቀዋል። የሻፊዒይ መዝሀብ መሠረታዊ አቋም መተመን አይፈቀድም የሚል ሲሆን ሐነፊዮች የምግብ ባለቤቶች ድንበር ያለፈ ግፍ ከፈጸሙና ሌላ መፍትሔ ከጠፋ ይፈቅዳሉ። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ ይህን ማወቁ አይከፋም። ኢብን ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ ደግሞ መተመን አንዳንዴ በደል፣ አንዳንዴ ፍትሕ እንደሚሆን ያብራራሉ። ሰዎች እንደወትሯቸው እየሸጡ፣ ዕቃው ስላነሰ ወይም ፈላጊው ስለበዛ ዋጋ ከወጣ፣ በተወሰነ ዋጋ ሽጡ ብሎ ማስገደድ በደል ነው። ነገር ግን አንድን ምግብ ከተወሰኑ ሰዎች በስተቀር ማንም እንዳይሸጥ ከተደረገ፣ በእነዚያ ሰዎች ላይ ዋጋ መተመን ግዴታ ይሆናል። ምክንያቱም ሌላው እንዳይገባ በር ከዘጉ በኋላ እነሱን እንዳሻቸው እንዲሸጡ መተው ሕዝቡን ማስበላት ነው።

ይህችን ነጥብ ደግሜ አነበብኳት። የተጻፈችው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ነው። በእኛ አገር ዘይትና ስኳርን መንግሥት ራሱ ወይም እሱ የመረጣቸው ጥቂት አስመጪዎች ብቻ የሚያስገቡበት ጊዜ ረጅም ነበር። በዚህ የፊቅህ ሚዛን ብንሄድ ቁጥጥሩ የሚገባው እዚያ ጫፍ ላይ ነው፤ ጥቂት እጆች በያዙት በር ላይ። እኛ ዘንድ ግን ተገልብጧል። በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሱቆች በሚወዳደሩበት፣ አንዱ ሁለት ብር ቢጨምር ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ በሚሄድበት ቦታ ላይ ነው እሽጉ የሚለጠፈው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ገበያ ውስጥ ዘቢብ የሚሸጥ ሐጢብ የተባለ ሰሓባን ስለ ዋጋው እንደተናገሩት፣ ወይ አስተካክል ወይ ከገበያችን ውጣ እንዳሉት ይታወቃል። ይህ ታሪክ ለዋጋ ቁጥጥር ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ኢማሙ ሻፊዒይ ግን ቀጣዩን ክፍል ያስተላልፋሉ። ዑመር ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነፍሳቸውን ተሳሰቡ፤ ከዚያም ሐጢብ ቤት ድረስ ሄደው ያ ንግግር ትእዛዝ እንዳልነበር፣ ለአገሩ ሰው በጎ አስበው እንደተናገሩት፣ እንደፈለገ መሸጥ እንደሚችል ነገሩት። አንድ ኸሊፋ ወደ አንድ ዘቢብ ሻጭ ቤት ሄዶ ውሳኔውን ሲያነሳ አስቡት። እዚህ አገር ያለአግባብ የታሸገ ሱቅ ሲከፈት ባለቤቱ የሚሰማው «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ነው።

የጠፋው ዳኛ

ታዲያ ዋጋ በእጥረት የጨመረውን በማፈን ከጨመረው ማን ይለየው? ይህ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ማን ምን ያህል አስገባ፣ የት አከማቸ፣ ለማን ሸጠ፣ አስመጪዎቹ ተመካክረው ነወይ ዋጋ የሚያወጡት የሚለውን መመርመር ይፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይህን አስቦ ነበር። ክምችትን፣ በገበያ የበላይነት አላግባብ መጠቀምን፣ ዋጋ ለመወሰን መመሳጠርን ይከለክላል። ለዚህም ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትና የዳኝነት ችሎት አቋቁሞ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው አደረጃጀት ባለሥልጣኑ ፈርሶ ሥራው ወደ ሚኒስቴሩ ተጠቃለለ።

በወቅቱ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ለውጥ ነው። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው፣ አቅርቦት አለ ብሎ መግለጫ የሚያወጣው፣ ዋጋ ሲንር የሚጠየቀው፣ ጥፋተኛ ማን እንደሆነ የሚመረምረውም አንድ ቤት ሆነ። እጥረት መኖሩን ማመን የራሱን ሥራ መክሰስ ነው። ስለዚህ «ሰው ሠራሽ እጥረት» የሚለው ቃል ተመራጭ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ አጥፊው ነጋዴው ነዋ።

አጥፊ የለም እያልኩ አይደለም። ከጎጃምና ከሸዋ ጤፍ ጭኖ የሚመጣ መኪና እህል በረንዳ ሳይደርስ የሚቀበለውና ዋጋ የሚቆርጠው ደላላ አለ። ነቢዩ የከለከሉት ተለቂ ማለት ይኸው ነው፤ ግመሉ ወደ አይሱዙ ተቀየረ እንጂ። ገበሬው የከተማውን ዋጋ አያውቅም፤ ሸማቹ የገበሬውን ዋጋ አያውቅም፤ ሁለቱንም የሚያውቀው መሃል ላይ ያለው ነው። በየመንገዱ ያለው ኬላና የጸጥታ ችግርም የየራሱን ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ከንግድ ሚኒስቴር አቅም በላይ መሆኑን አምናለሁ። የእሁድ ገበያዎች የተስፋፉት ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር ነው፤ በአትክልትና በሽንኩርት ላይ ጥቅማቸውን አይቻለሁ። በዘይት ላይ ግን ብዙም አላየሁም፤ ዘይት ከማሳ አይመጣምና።

የአስመጪዎችንና የጅምላ ሻጮችን ዋጋ በየሳምንቱ በይፋ ማውጣት፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ጅምላ ሻጭን መቅጣት፣ የውድድር ጉዳይ የሚመረምረውን አካል እንደገና ራሱን ማስቻል፤ እነዚህ ከሺህ እሽግ ይሻላሉ። ጠቅላይ ምክር ቤቱም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ረመዷን ሳይገባ ከሚኒስቴሩ ጋር ተቀምጦ «የዘንድሮው ተምርና ዘይት ስንት ነው፣ የት ነው ያለው?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይከለክለዋል?

የራሳችን ጓዳ

ይህን ሁሉ ጽፌ ስለ ነጋዴው ዝም ብል ግን አማና ማጉደል ይሆናል። ከሻዕባን ጀምሮ ተምር ሰብስበው የሚይዙ አሉ፤ እናውቃቸዋለን። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ተምር የሚገዛቸውም በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ከአንድ ወር በፊት የገዙትን፣ ምንዛሪው ሳይለወጥ፣ መጋዘን ዘግተው ቆይተው ረመዷን ሊገባ ሲል በተጨማሪ ዋጋ ያወጣሉ። እዚህ ላይ የመተኪያ ዋጋ ክርክር አይሠራም። ኢሕቲካር የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያ በረመዷን አጋማሽ ላይ የኢፍጣር ፕሮግራም ያዘጋጃሉ። ባነር ይሰቀላል፤ ለችግረኞች ዘይት፣ ዱቄትና ተምር ይታደላል፤ ፎቶ ይነሳል። ሰደቃ አይናቅም፤ የሰጠውን አላህ ይቀበለው። ነገር ግን ያ ችግረኛ ያንን ተምር በትክክለኛ ዋጋ መግዛት ይችል የነበረ ቢሆንስ? ዕቃው ተይዞ ስለተወደደበት ተረጂ የሆነ ሰው አለ። ዱዓቶቻችንና ኢማሞቻችን ስለ ኢፍጣር ትሩፋት የሚሰጡትን ኹጥባ ያህል በሻዕባን ስለ መጋዘን ቢሰጡ እላለሁ። በረጀብ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ግዢው የሚጀመረው ያኔ ነውና።

ከፊት የሚጠብቀንም አለ። በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልለው የነበሩት የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍተዋል። አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. ያመለከተችበት የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ድርድርም ለዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቅርቡ ተፋጥኗል። ትልቅ ካፒታል ያለው አስመጪ ሲመጣ ከላይ ያለው ጠባብ በር ሊሰፋ ይችላል፤ ለሸማቹ መልካም ነው። ግን ያ ድርጅት ጠበቃ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ የሒሳብ ባለሙያ አለው። ወረዳው ሄዶ እሽግ አይለጥፍበትም። ቁጥጥሩ እንዳሁኑ ደካማውን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ ውድድሩ ሳይጀመር የሚወጣው ሰፈር ውስጥ ያለው ባለሱቅ ነው። በዱቤ የሚሰጠው፣ ደመወዝ እስኪወጣ የሚታገሠው፣ ኢፍጣር ሊደርስ ሲል የሚሮጥለትን ልጅ በስሙ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሐጂ ሱቃቸው ከተከፈተ በኋላ ቅጣት ከፍለው ሥራቸውን ቀጥለዋል። በቀጣዩ ረመዷን ዋዜማ ዘይት ልገዛ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ብስኩት፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪት ነበር። ዘይት የለም፤ ስኳርም የለም። «አልመጣም እንዴ?» አልኳቸው። «መጥቷል፤ እኔ ነኝ ያላመጣሁት» አሉ። እስከ ዒድ ድረስ እንደማያመጡ ነገሩኝ፤ ዋጋውን የሚጠይቃቸው እንዳይኖር። ከጎናቸው ያለውም ባለሱቅ እንዲሁ አድርጓል። በዚያ ወር የሰፈራችን ሰው ዘይት ለመግዛት እስከ ዋናው አስፋልት ይሄድ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ዋጋው ከሐጂ ዋጋ በላይ ነበር።